ከማንዋል ወደ አውቶማቲክ በጤና ምክንያት መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዥ ነው የምውለው። ድሮ ሰው ስለ አውቶማቲክ የሚጠይቀኝ ለሚስቱ ወይ አዲስ መንጃ ፈቃድ ላወጣች ልጁ ነበር፣ አሁን ግን ጉልበቱን ይዞ የሚመጣው በዝቷል፣ ወገቡን ይዞ የሚመጣ አለ፣ "ሐኪሙ ፍሪሲዮን መርገጥ ተው ብሎኛል" ብሎ ሊብሬውን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥም አለ። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ሰብስቤ ልመልስ ብዬ ነው። ሐኪም አደለሁም፣ ስለ መኪናው በልበ ሙሉነት እናገራለሁ፣ ስለ ሰውነታችሁ ግን የመጨረሻው ቃል የሐኪማችሁ ነው።

አውቶማቲክ በትክክል የቱን የሰውነት ክፍል ነው የሚያሳርፈው?

ግራ እግርን፣ ፍሪሲዮን የሚባለው የግራ እግር መርገጫ ስለሌለው። ከዛ ቀጥሎ ማርሽ የሚቀይረውን እጅ፣ እኛ አገር መሪው በግራ በኩል ስለሆነ ቀኝ እጅ ማለት ነው። በቃ ይሄ ነው። ነዳጅና ፍሬን በማንዋልም የቀኝ እግር ስራ ነበሩ በአውቶማቲክም የቀኝ እግር ስራ ሆነው ይቀጥላሉ፣ መሪውም ያው መሪ ነው። ብዙ ሰው "አመመኝ" ሲል "አውቶማቲክ ግዛ" ይባላል የቱ እግር እንደሆነ እንኳን ሳይጠየቅ፣ ከዛ ባለ በሌለ ብሩ መኪና ቀይሮ ከሁለት ወር በኋላ ህመሙ እንዳለ ነው። ስለዚህ እኔ ጋ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መኪና ሳይሆን ግራ ነው ቀኝ የሚለውን ነው።

ፍሪሲዮን ለምን ይሄን ያህል ይጎዳል፣ ድሮም ስንረግጠው ነበር አይደል?

ስንረግጠው ነበር፣ ግን እንዲህ አልነበረም። ከመገናኛ ሜክሲኮ ማታ 11 ሰዓት ላይ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ መኪናው ሶስት ሜትር ሄዶ ይቆማል እንደገና ሶስት ሜትር ይሄዳል፣ በእያንዳንዱ ላይ ዳሌው እግሩን ያነሳል ጉልበቱ ይዘረጋል ቁርጭምጭሚቱ ይገፋል ወገቡ ደግሞ ያንን ግፊት ወንበሩ ላይ ተደግፎ ይይዛል። መርገጡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ዋናው ገዳይ በግማሽ መያዙ ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም የሚባለው ነገር፣ ፍሪሲዮኑንም ጉልበትንም አንድ ላይ የሚያቃጥል ልማድ ነው። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ ብዬ ስንቱን እንደለመንኩ።

መኪና ከመሸጤ በፊት የምሞክረው ነገር አለ?

አለ፣ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ከዚህ በኋላ መኪና መቀየሩን ይተወዋል።

አንደኛ ፍሪሲዮኑን አሳዩት። ፍሪሲዮን ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ሸራው እያለቀ ሲሄድ መጫኛው ላይ ያለው ስፕሪንግ አቀማመጡ ስለሚቀየር ለመርገጥ የሚፈልገው ጉልበት ይጨምራል። የሚገፋው ኩሽኔታ ሲበላም፣ በገመድ የሚሰራ ከሆነ ገመዱ ሲደርቅም እንደዛው ነው። ችግሩ በቀስ በቀስ ስለሚመጣ ሹፌሩ አያውቀውም፣ እግሩ እየደከመ የመጣ ነው የሚመስለው። የጓደኛችሁን ተመሳሳይ ሞዴል መኪና አንዴ ርገጡት፣ የሱ ለስላሳ ሆኖ የናንተ ድንጋይ ከሆነ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ነው መቀየር።

ሁለተኛ ወንበሩ። ብዙ ወንድ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጋደም ብሎ ነው የሚነዳው (ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስታይል ነው መሰለኝ) እንደዛ ሲሆን ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ለመርገጥ ዳሌው ከወንበሩ ይንሸራተታል፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ወገቡ ድጋፍ ያጣል። ትክክለኛው ፍሪሲዮኑ ጥግ ድረስ ተረግጦ ጉልበት አሁንም ትንሽ የታጠፈ ሲሆን ነው፣ ዳሌ ደግሞ ከጉልበት ዝቅ ማለት የለበትም፣ ወንበሩ ከፍ የማይል ከሆነ ጠንከር ያለ ትራስ ይደረጋል። የኋላ ኪስ ውስጥ ያለ ወፍራም ዋሌትም ይውጣ፣ ዳሌን ያጣምማል። በነጠላ ጫማና በሸበጥም አትንዱ።

ይሄን ሁሉ አስተካክላችሁ ሁለት ሶስት ሳምንት ነድታችሁ ግራ ጉልበት አሁንም ካበጠ ወይ ከመኪና ስትወርዱ ካነከሳችሁ፣ እንግዲህ ስለ አውቶማቲክ እናውራ።

የሚያመኝ ቀኝ እግሬ ነው፣ ይጠቅመኛል?

ብዙም። እንዲያውም አንዳንዴ ይብስበታል፣ ይሄን ደግሞ ደላላ አይነግራችሁም። አውቶማቲክ "ዲ" (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ ካለ እግራችሁን ከፍሬን ስታነሱ በራሱ ይሄዳል፣ ስለዚህ መንገድ በተዘጋጋበት ሰዓት ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ ተጭኖ ነው የሚቆየው። ማንዋል ላይ ማርሽ አውጥታችሁ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ታርፉ ነበር። የቀኝ እግር ነርቭ (ሲያቲካ የሚሉት ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚወርደው) ያለበት ሰው ይሄ ያሰቃየዋል።

ቀኝ እግር ሆኖም መቀየር ካለባችሁ "አውቶ ሆልድ" ያለው ፈልጉ፣ መኪናው ሲቆም ፍሬኑን ራሱ ይይዝና እግራችሁን ታነሳላችሁ፣ ነዳጅ ስትነኩ ይለቃል። አዳዲሶቹ ላይ በተለይ የእጅ ፍሬናቸው በሚጫን ቁልፍ የሚሰራው ላይ ብዙ ጊዜ አለ። ከሌለ ደግሞ ረጅም ሲቆም "ኤን" (ማርሽ የወጣበት) አድርጎ የእጅ ፍሬን መያዝ ነው። "ህመሙ ቀኝ ከሆነ በግራ እግሬ ፍሬን ልርገጥ" የሚል ሰው አለ፣ አይሆንም፣ ግራ እግር ለዓመታት የለመደው ጥግ ድረስ መርገጥ ስለሆነ ፍሬን ላይም ያንኑ ያደርጋል፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ደግሞ የኋላ ኮፈናችሁ ውስጥ ይገባል።

ስኳር አለብኝ፣ እግሬ ይደነዝዛል፣ አውቶማቲክ ልግዛ?

እዚህ ጋ ቁም ነገር አለ። በስኳር የሚመጣ መደንዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር እኩል ነው የሚይዘው፣ ከጣት ጀምሮ ካልሲ እስከሚደርስበት። ግራው ከደነዘዘ ቀኙም አለበት ማለት ነው፣ ቀኙ ደግሞ ፍሬን የሚረግጠው ነው። አውቶማቲክ ገዝቶ "አሁን ተመቸኝ" ማለት አደጋውን መሸፈን ነው እንጂ ማጥፋት አደለም። ምን ያህል እንደረገጣችሁ ሳታዩ በስሜት ብቻ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይ እግራችሁ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲሄድ ጠርዝ ላይ ከተሰናከለ፣ ከመኪናው በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። በቀጭን ክር እግርን እየነኩ የሚያዩት ቀላል ምርመራ አለ፣ ጊዜ አይፈጅም።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፣ መኪናው ውስጥ ከረሜላ ወይ ጭማቂ ይኑር፣ ላብ ላብ ሲለው ዳር ይዞ ይቁም። መኪናው ማንዋል ሆነ አውቶማቲክ ለዚህ ለውጥ የለውም።

ዲስክ መንሸራተት አለብኝ ተብያለሁ፣ ወገቤ ይድናል?

አይድንም ግን ይቀለዋል። ፍሪሲዮን በእያንዳንዱ መረገጥ ወገብን ስለሚጎትተው እሱ ሲቀር ከተማ ውስጥ ልዩነቱ ይታወቃል፣ በተለይ ህመሙ ወደ ግራ እግር የሚወርድ ከሆነ። ነገር ግን ወገብን የሚጎዳው ረጅም መቀመጥና ጉድጓድም ነው፣ ያ ደግሞ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር አይገናኝም። የሞተ ሾክ ያለው አውቶማቲክ ከመግዛት ጥሩ ሾክና ጥሩ ወንበር ያለው ማንዋል ይሻላል እላለሁ እኔ። አዳማ ስትሄዱ መሀል ላይ ወርዳችሁ አምስት ደቂቃ ተራመዱ። ደግሞ መኪናው በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ለመግባትና ለመውጣት ወገባችሁን አጥፋችሁ ትታገላላችሁ፣ ስትገዙ ወንበሩ ከዳሌያችሁ ጋር እኩል የሆነ መኪና ምረጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ሳይሆን ዞር ብላችሁ የምትቀመጡበት።

የጉልበት ኦፕሬሽን ተሰርቻለሁ፣ መቼ ነው የምነዳው?

ቀኑን የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው። ግራ ጉልበት ሆኖ መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ቶሎ ነው የሚፈቀደው፣ ቀኝ ከሆነ ግን አውቶማቲክ መሆኑ አያፈጥነውም ምክንያቱም ጥያቄው በድንገት ፍሬን በሙሉ ኃይል መርገጥ ትችላለህ ወይ ነው። የቆመ መኪና ውስጥ ሞተር ሳይነሳ ሞክሩት፣ እግር ነዳጁ ላይ ይሁን፣ አንድ ሰው በድንገት "ቁም" ይበላችሁ፣ እግራችሁ ካመነታ ወይ ህመም ፈርታችሁ ቀስ ካላችሁ አልደረሰም።

መድኃኒቱንም አትርሱ። ትራማዶል፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ አሚትሪፕቲሊን እነዚህ ለህመምና ለነርቭ የሚታዘዙት እንቅልፍ ያመጣሉ። አውቶማቲክ ላይ እጅና እግር ስራ ስለሌለው ድብታው ሲመጣ የሚቀሰቅስ ነገር የለም።

አባቴ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ደክሟል፣ አውቶማቲክ ልግዛላቸው?

እግራቸውን ብቻ ካያችሁ አዎ ትላላችሁ። ግን ግራ ጎኑ በስትሮክ የደከመ ሰው አንዳንዴ በግራ በኩል ያለውን ነገር ማየት ወይ ልብ ማለት ያቅተዋል፣ ራሱ ደግሞ አያውቀውም። ምግብ ሲበሉ የሳህኑን ግራ ጎን ይተዉታል? በር ሲገቡ ግራ ትከሻቸው ይጋጫል? እንደዛ ከሆነ ምንም አይነት መኪና አይሆንም ለጊዜው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ከስትሮክ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር መንዳት አይፈቀድም፣ ድካሙ ወይ የማየት ችግሩ ከዛ በላይ ከቆየ ለዲቪኤልኤ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መስሪያ ቤት) ማሳወቅ ግዴታ ነው። እዚህ እኛ ጋ የሚከታተል ባይኖርም የነርቭ ሐኪሙ "ይንዱ" ሳይል መኪና አትግዙ። ካለ በኋላ ግን አውቶማቲክ ትልቅ ነገር ነው፣ መሪው ላይ የሚገጠም በአንድ እጅ የሚያዞሩበት እንቡጥም አለ።

ፖሊዮ ነበረብኝ፣ አንድ እግሬ አይሰራም፣ መንዳት እችላለሁ?

የማይሰራው ግራው ከሆነ ተራ አውቶማቲክ ይበቃል፣ ምንም መገጠም የለበትም። ቀኙ ከሆነ ነዳጅ መርገጫውን ወደ ግራ የሚያሻግር መሳሪያ አለ፣ ሁለቱም ከሆነ ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ የሚያሰራ ዘንግ አለ። ሁሉም መሰረታቸው አውቶማቲክ ነው፣ ማንዋል ላይ ይሄን ሁሉ መግጠም ስቃይ ነው። ግራ ነዳጅ የተገጠመበትን መኪና ሌላ የቤተሰብ ሰው የሚነዳው ከሆነ ታጥፎ የሚነሳ አይነት ይሁን፣ አለዚያ ያልለመደው ሰው ፍሬን ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። እቤት ውስጥ በብየዳ የተሰራ ነገር ተገጥሞ አይቻለሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ለአካል ጉዳተኞች ከቀረጥ ነፃ ተሽከርካሪ የማስገባት መብትም አለ፣ መስፈርቱ ስለሚቀያየር ከደላላ ሳይሆን ገንዘብ ሚኒስቴር ሄዳችሁ የወቅቱን መመሪያ ጠይቁ።

ሴሚ አውቶማቲክ፣ ሲቪቲ ምናምን ይላሉ፣ የትኛውን?

ፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ሁሉ አንድ አደለም። ከአውሮፓ ከገቡት ቪትዞች ውስጥ (እዚያ ያሪስ ነው የሚባለው) ሴሚ አውቶማቲክ የሆኑ አሉ፣ ውስጣቸው ተራ ማንዋል ካምቢዮ ነው ፍሪሲዮን ሸራም አላቸው፣ እግራችሁን ተክቶ የሚረግጠው ሞተር ነው። አንዳንድ ትናንሽ ሱዙኪዎችም እንደዛ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ማርሹ ላይ "ፒ" (ፓርክ፣ ሲቆም የሚገባው) የለውም። "ፒ" ከሌለው ደላላው አውቶማቲክ ነው ቢልም ይሄኛው ነው።

ለእግር ያሳርፋል? አዎ ያሳርፋል። ግን ማርሽ ሲቀይር ወደ ፊት ይነቀንቃል፣ ወገብ ላለበት ሰው አይመችም፣ ዳገት ላይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ነዳጅ እየነካችሁ ይዛችሁት ከቆማችሁ ሸራው ይቃጠላል። ሲቪቲ (በጥርስ ፋንታ በቀበቶ የሚሰራው አውቶማቲክ) ግን ማርሽ የሚቀይር አይመስልም፣ ምንም መነቅነቅ የለውም፣ ለወገብ ከሁሉም ምቹ እሱ ነው፣ ጥፋቱ ዘይቱ የራሱ መሆኑና ሲበላሽ ጥገናው መወደዱ ነው። ቶዮታዎቹ ላይ ያለው የድሮው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ደግሞ ነዳጅ ይበላል ግን ጠንካራ ነው፣ መካኒክም ያውቀዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለትልልቅ ሰዎች እሱን ነው የምመርጠው።

ነዳጅ ነው ኤሌክትሪክ?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ የሚገዛ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው፣ የነዳጅ አውቶማቲክ የሚፈልግ ደግሞ ያገለገለውን ነው የሚሻማው። ለጤና ብላችሁ ለምትቀይሩ ኤሌክትሪኩ ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ፍሪሲዮን የለ ማርሽ የለ ንዝረት የለ። እግርን ከነዳጅ መርገጫው (መርገጫ ልበለው እንጂ ነዳጅ እንኳን የለም) ስታነሱ መኪናው ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ያንን ጠበቅ አድርጋችሁ ካስተካከላችሁት ከነዳጅ ወደ ፍሬን የምታደርጉት ምልልስ በጣም ይቀንሳል፣ ቀኝ እግር ለሚያመው ሰው ይሄ ከምንም በላይ ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ናት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ አስር በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል፣ ለዛ ነው ትንሿ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ አውቶማቲክ እንጦጦ ላይ የምታለቅሰው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው አይነካውም።

ማየት ያለባችሁ ግን አለ። ሲነካ ይወነጨፋል፣ እግሩ ለሚደነዝዝ ሰው ያስፈራል፣ "ኢኮ" (ቆጣቢው፣ ቀስ ብሎ የሚነሳበት) ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። እቤት ቻርጅ ማድረጊያ ከሌለ ደግሞ ለህመም ብላችሁ ገዝታችሁ ሰልፍ ላይ ተቀምጣችሁ ልታድሩ ነው።

ያገለገለ አውቶማቲክ ስገዛ ምን ልይ?

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ድረሱ፣ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ፍሬን ይዛችሁ ከ"ኤን" ወደ "ዲ" ከዛ ወደ "አር" (ወደ ኋላ መሄጃው) አድርጉ፣ ወዲያው መያዝ አለበት፣ አስቦ አስቦ በድንገት "ዱብ" ካለ ተዉት። የካምቢዮ ዘይቱ መለኪያ ካለው አውጥታችሁ አሽትቱ፣ ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ካምቢዮው ውስጥ ነገር አለ። ከዛ ዳገት ውሰዱት፣ ሜዳ ላይ የነዱት አውቶማቲክ አልተነዳም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ እየተንሸራተተ ነው። ሲቪቲ ከሆነ በዝግታ ስትነሱ መንቀጥቀጡን፣ ፍጥነት ሲጨምር ፉጨት የመሰለ ድምፅ መኖሩን ስሙ።

"የዚህ መኪና ካምቢዮ ዘይት እድሜ ልክ አይቀየርም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የማን እድሜ ልክ እንደሆነ ጠይቁት። ሲቪቲ ላይ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የጨመረ መካኒክም አለና ምን አይነት ዘይት እንደገባ በወረቀት ካልታየ ገዝታችሁ ወዲያው በትክክለኛው ቀይሩት።

መንጃ ፈቃዴ በማንዋል ነው የወጣው፣ ሌላ ልፈተን?

አትፈተኑም፣ በማንዋል የተፈተነ አውቶማቲክ ይነዳል። ችግሩ በተቃራኒው ነው። አውሮፓ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ 78 የሚል ቁጥር ሊጻፍበት ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ማንዋል መንዳት አይችልም። ጀርመን ከ2021 ጀምሮ ይሄን የሚያቀል ስርዓት አምጥታለች፣ በአውቶማቲክ ተፈትነህ የተወሰነ የማንዋል ትምህርት ከወሰድክ ሁለቱንም ትነዳለህ። አሜሪካ ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም።

ስጀምር ግራ እግሬ ዝም አይልም፣ ምን ላድርገው?

ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። መኪናው ሊቆም ሲል ግራ እግር ፍሪሲዮን ፍለጋ ይነሳና ሰፊውን የፍሬን ፔዳል ያገኘዋል፣ ጥግ ድረስ ይረግጠዋል፣ መኪናው ተተክሎ ይቆማል። ግራ እግራችሁን ወደ ኋላ ሳቡት፣ ወንበሩ ስር ማለት ይቻላል፣ ወይ በግራ በኩል ያለው ማሳረፊያ ላይ ተክላችሁ ተረከዙን አታንሱት። እሁድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ጀምሩ፣ ብዙ ቆማችሁ ተነሱ፣ ብዙ ወደ ኋላ ሂዱ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራው ፍሬን ብሎ ነዳጅ መርገጥ ነው፣ በተለይ ፓርክ ሲደረግ ሰውነት ዞሮ ወደ ኋላ ሲታይ። ማንዋል ላይ ቢሆን ፍሪሲዮኑ ከተረገጠ ሞተሩ ጮኾ ብቻ ይቀር ነበር፣ አውቶማቲክ ግን አጥር ይዞ ይገባል። ስለዚህ ማርሽ ስትቀይሩ ሁሌ ፍሬን ላይ፣ ፓርክ ስታደርጉ ነዳጅ አትንኩ፣ በራሱ የሚሄደው ይበቃል።

ዳገት ላይ ስታቆሙ ፍሬን ይዛችሁ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን፣ ከዛ "ኤን" አድርጋችሁ ፍሬኑን ለቀቅ አድርጉና መኪናው የእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፣ መጨረሻ ላይ "ፒ"። እንደዛ ካልሆነ የመኪናው ክብደት ሙሉ በሙሉ ካምቢዮው ውስጥ ያለች ትንሽ ጥርስ ላይ ይንጠለጠላል።

ቁልቁለት ላይስ? አባይ በረሃ እወርዳለሁ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ "ዲ" ላይ ትታችሁ ፍሬን ብቻ ከረገጣችሁ ፍሬኑ ይግላል ይሸታል ከዛ አይዝም። እንደ መኪናው "ኤል"፣ "2"፣ "ኤስ" ወይ "ቢ" የሚል አለ፣ እሱን አስገቡና ሞተሩ ይያዘው። ኤሌክትሪክ ከሆነ እግር ሲነሳ ራሱ ፍጥነት የሚቀንስበትን ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው፣ ባትሪውም እየሞላ ይወርዳል፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ግን ቁልቁለት አትጀምሩ ምክንያቱም የሚሞላበት ቦታ ስለሌለው መያዙ ይደክማል። ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱም ያው ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ የሚባለውን የድሮ ሹፌሮች ልማድ ማንዋል ላይም ጠልቼዋለሁ፣ አውቶማቲክ ላይ ደግሞ ካምቢዮውንም ሊጎዳ ይችላል።

አባባ "አውቶማቲክ የሴት ነው" ብለው አሻፈረኝ አሉ

ይሄ ከጉልበት ህመም ይከብዳል። አርባ ዓመት ላዳና ዲኤክስ የነዱ ሰው "አይችሉም" የተባሉ ነው የሚመስላቸው። ስለ ህመማቸው አትከራከሯቸው። አንድ ቀን የዘመድ አውቶማቲክ ተውሳችሁ "አባባ ይቺን መኪና እስኪ ይዩልኝ፣ ልገዛ ነበር እርስዎ ያውቃሉ" ብላችሁ ቁልፉን ስጧቸው፣ መንገድ የተዘጋጋበት ሰዓት ላይ ይሁን እንጂ እሁድ አይሁን። ሲመለሱ ምንም ላይሉ ይችላሉ፣ ግን ከመኪናው ሲወርዱ ጉልበታቸውን ሳይዙ እንደወረዱ ራሳቸው ያውቁታል። የሴት ነው ለሚለው ደግሞ፣ ሴቶቹ ቀድመው ገብቷቸው ነው እላለሁ።

ሚኒባስ ነው የምሰራው፣ አውቶማቲክ ግዛ ማለት ለኔ ምን ይጠቅመኛል?

እውነቱን ነው፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ የራሱ መኪና ላለው ነው። መንገድ ላይ ያሉት ሃይሩፎች አብዛኞቹ ማንዋል ናቸው፣ ሹፌሩ ከንጋት እስከ ማታ ፌርማታ በፌርማታ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ መኪናው ደግሞ የባለንብረቱ ነው። መጀመሪያ ባለንብረቱን ፍሪሲዮኑን አሰራ በለው፣ ለሱም ነው፣ የጠነከረ ፍሪሲዮን ሊያልቅ የደረሰ ነው ብለህ በብር አስረዳው፣ ስለ ጉልበትህ ብታወራው ሌላ ሹፌር ነው የሚፈልገው። ወንበሩን ከፍ አድርግ፣ ተራ ስትጠብቅ ውስጥ አትቀመጥ ወርደህ ቁም። ቀኑን ከሌላ ሹፌር ጋር መካፈል ከቻልክ ገቢው ቢቀንስም አስብበት።

ከዛ በኋላ ያለው መንገድ በአፕ የሚጠራ ታክሲ ላይ መዞር ነው፣ እዛ አውቶማቲክና ኤሌክትሪክ መኪና ለሹፌር የሚሰጡ ባለንብረቶች አሉ። የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችም ከተማው ውስጥ እየታዩ ነው፣ ፍሪሲዮን የላቸውም፣ እነሱ ላይ ሹፌር ሲፈለግ ልምድ ያለው ስለሚመረጥ ጆሮህን ጣል አድርግ። "ትንሽ ልሰብስብና እታከማለሁ" ብለህ ግን አትቆይ፣ ያበጠ ጉልበት ላይ በየቀኑ መርፌ እየተወጋ የሚሰራ ሰው አውቃለሁ አሁን ደረጃ መውጣት አይችልም።

ባትሪ ቢሞት ገፍተን ማስነሳት እንችላለን?

አይቻልም፣ አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። ኬብል መኪናው ውስጥ ይኑር፣ ከሌላ ባትሪ አስነሱ። በተለይ ጉልበቱ የሚያመው ሰው መኪና ሊገፋ መውረዱ ራሱ ምን ሊሆን። ካምቢዮው ከተበላሸ ደግሞ በገመድ አታስጎትቱ፣ ሞተሩ ሳይሰራ የሚነዱት ጎማዎች ሲሽከረከሩ ካምቢዮው ውስጥ ዘይት አይዞርም ይቃጠላል፣ ኤሌክትሪክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጎታች መኪና ስትጠሩ አውቶማቲክ መሆኑን በስልክ ቀድማችሁ ንገሩ፣ መኪናውን ሙሉ በሙሉ የሚጭነውን ይዘው ይመጣሉ።